ባጃጅህን በሐምሌ ፍታው

ልጄ፣ ባጃጁን የገዛህ ዕለት ምርቃት ፈለግህ፤ መረቅሁህ። አሁን ምክር ካልከኝ ደግሞ አረፍ በልና ስማኝ። ምርቃት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ምክር ግን ይረዝማል። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባላል። ያንተም አንድ ባጃጅ ነው፤ እሱም ቢሆን ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ግማሹ ያበዳሪው ነው። እንቅልፍ እንዲወስድህ ከፈለግህ ያልኩህን አድርግ።

አጋሮ ውስጥ ባጃጅ የሚሰበረው መቼ እንደሆነ አስተውለሃል? በጥቅምትና በኅዳር ነው። ቡናው ሲቀላ፣ ለቃሚው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ፣ ገበሬው እጁ ብር ሲነካ፣ ወደ በሻሻ የሚሄደውም ከጌራ የሚመጣውም ተሳፋሪ ሲሆን። ያን ጊዜ ጋራዥ ሄደህ እይ። በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ መንገድ ይዘጋል፤ ሹፌሩ ጫቱን ይዞ መካኒኩን ይለማመጣል፣ መካኒኩም ወቅቱን ያውቃልና ዋጋውን ይሰቅላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ባጃጁ የታመመው እኮ በጥቅምት አይደለም። በግንቦት ታመመ፣ ክረምቱን በጭቃ እያቃሰተ ከረመ፣ ጥቅምት ላይ ተኛ። ባለቤቱን ስትጠይቀው «የቡና ብር ሲገባ አሠራዋለሁ ብዬ ነበር» ይልሃል። የቡና ብር የሚገባው ግን ለሚሄድ ባጃጅ ነው።

እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክርህ። ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ ተሳፋሪ የለም፣ መካኒኩም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ባጃጅህን ያኔ ፍታው። ጊዜ ወስዶ ይሠራልሃል፣ ዋጋም ይቀንስልሃል፤ ዕቃው አጋሮ ቢጠፋ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ በማግስቱ ይመጣል። ብሩን ከየት አመጣለሁ እንዳትለኝ። የተራችሁ ልጆች ዕቁብ ግቡና ዕጣው በክረምቱ ወራት እንዲወጣ ተስማሙ። ለሠርግና ለቴሌቪዥን ዕቁብ ይገባ የለ፤ ለፍሬን ሸራ ቢገባ ምን ነውር አለው?

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የቡና ማጠቢያዎቹ የሚያደርጉት ነው። ከዚሁ ከጎማ ወረዳ የዱሮሚና ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ሲወጣ ሰው ሁሉ ስለ አፈራችንና ስለ ዝናባችን አወራ። አፈሩም ዝናቡም ድሮ የነበረ ነው፤ ቡናችን ግን ስንት ዘመን «ጅማ አምስት» እየተባለ በርካሽ ሲሸጥ ኖረ። የተለወጠው አያያዙ ነው። የቀላው ብቻ ይለቀማል፣ በተለቀመበት ቀን ይፈለፈላል፣ ማታ መፈልፈያው ሳይታጠብ ሰው ወደ ቤቱ አይገባም። ማሽኑ ውስጥ ተደብቃ ያደረች ፍሬ ከቦካች የነገውን ቡና ታበላሻለችና። መፈልፈያው የሚፈተሸውም ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ቀልቶ ከመጣ በኋላማ ማን ጊዜ አለው?

አሁን ወደ ባጃጅህ ልመለስ። የዚህ ዕቃ አያቱ ጣሊያን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ያወጣው «አፔ» የሚባል ባለ ሦስት እግር ነው። ሕንዶቹ ከሠሪው ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስደው ሠሩት፣ አሻሻሉት፣ በኩባንያቸው ስም ለዓለም አዳረሱት። ጎበዝ ዕቃ ነው፣ አልክድም። የተወለደው ግን ለከተማ መንገድ ነው። እኛ አካባቢ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ቀዩ አፈር ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። የባጃጁ ሞተር ያለው ከኋላ፣ ከታች፣ ጎማው ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ነው። የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ማራገቢያው አየሩን በሞተሩ ክንፎች መካከል ይነዳዋል። ጭቃው በክንፎቹ መካከል ከደረቀ አየሩ በየት ይለፍ? ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። አጋሮ ላይ ባጃጅ የሚገድለው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ጭቃና ውሃ ነው።

ስለዚህ አስተጣጠብህን እንይ። ሁላችሁም ማጠብ ትወዳላችሁ። ጣራውን፣ መስታወቱን፣ የለጠፋችሁትን ጥቅስና የእግር ኳስ ክለብ አርማ ታብረቀርቁታላችሁ። ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ክንፎች በብሩሽ የሚፍቅ ግን አላየሁም። ደግሞ ገና ከሥራ ገብቶ ሞተሩ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉበት አሉ፤ የጋለ ብረት በአንዴ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። በግፊት የሚረጨውን ውሃም በኩሽኔታው፣ በካርቡራተሩና በመሪው ሥር ላይ አታነጣጥር፤ ግራሶውን ገፍቶ ያወጣና ውሃውን በቦታው ይተዋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በባልዲና በብሩሽ ከታች ጀምር። ጣራው ባይታጠብም ይሄዳል።

ከታጠበ በኋላ ግራሶ ነው። የፊት ጎማውን ኩሽኔታ፣ የመሪውን አንገት፣ የኋላ እግሮቹ የሚታጠፉበትን ቦታ አትርሳ። ጎማውን በክሪክ አንሥተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው እየነገረህ ነው። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን አክስሎች የሚሸፍነው ላስቲክ እንዳይቀደድ በየሳምንቱ እየው። ላስቲኩ ርካሽ ነው፤ በቀዳዳው ጭቃ ገብቶ የሚበላው ብረት ግን ርካሽ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል።

የአየር ማጣሪያው ነገር ደግሞ ያናድደኛል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያው ቀይ አፈር አቧራ ሆኖ ይነሣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባጃጅህ የሚተነፍሰው እሱን ነው። አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ማጣሪያውን አውልቆ ይጥለዋል። አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ የሚጨምር ይመስላል፤ አቧራው ግን ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት እየፋቀ ነው። ማጣሪያህ ስፖንጅ ከሆነ እጠበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ዘይት አስነክተህ ጨምቀህ መልሰው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ሲጠቁር ይቀየራል።

አያያዝ ካነሣሁ አይቀር፣ በውጭ አገር በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ይዘው የሚወዳደሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እኔ ለመጫወቻ እንዲህ መድከም አይገባኝም፤ አያያዛቸውን ግን እወድላቸዋለሁ። ውድድሩ ሲያልቅ መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ይፈቷታል፤ አፈሩን በብሩሽ ያራግፋሉ፣ እያንዳንዷን ኩሽኔታ በጣታቸው አሽከርክረው ያዳምጣሉ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ያጠብቃሉ፣ የአየር ማጣሪያዋን ስፖንጅ አጥበው ዘይት ያስነኩታል። የሚፈቷት ስለተሰበረች አይደለም፤ ስለተነዳች ነው። ያንተም እንዲህ ይሁን። አንተ የምትነዳው ደግሞ ሰው ጭነህ ነው።

የጠዋቱ ሥራ ብዙ አይደለም። ከሱብሂ ሶላት ተመልሰህ ሻይህ እስኪፈላ ያልቃል። ባጃጁን ሜዳ ላይ አቁመህ የሞተሩን ዘይት መጠን እይ፤ ባለ አራት ምት ከሆነ 20 ደብልዩ 50 የተባለው ዘይት ነው፣ ባለ ሁለት ምት አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በልኩ ትቀላቅላለህ፤ በግምት አይሆንም። ያደረበትን መሬት እይ፤ ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አትውጣ። የጎማውን ንፋስና ዳዶዎቹን፣ መብራቱንና ፍሬቻውን ነካ ነካ አድርግ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣና ሙዚቃውን ሳትከፍት ትንሽ አዳምጥ። ይህን የምልህ አውቄ ነው፤ ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ቴፑን ከፍ የሚያደርግ ሹፌር ብዙ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች።

ፍሬኑን ለብቻው ልንገርህ። የአጋሮ መንገድ ቁልቁለት አያጣም፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆችም በመንገዱ መሐል ነው የሚሄዱት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ አገር ደግሞ ቶሎ ይጠግባል። ውሃ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል አረፋ ያወጣል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። መጠኑ ስላልጎደለ ደህና ነው አትበል፤ መልኩ ከጠቆረ በሙሉ አስቀይረው፣ አየሩንም አስወጣ። ውሃ ተሻግረህ ስትወጣ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ደጋግመህ ርገጥ፤ ሸራው ይድረቅ። እዚህ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ለአንተ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ለተቀመጡት ጭምር ነው።

ጭነት ላይ አልጨቃጨቅህም፣ አንተም ታውቀዋለህ። ባጃጁ የተሠራው ለሦስት ተሳፋሪ ነው። በኅዳር ግን ሦስቱ ላይ ሁለት ደርበህ፣ ስድስት ፈረሱላ ቡና ትጨምርበታለህ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ስድስቱ 102 ኪሎ መሆኑን አስላው። ሞላው ይተኛል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ጎማው ይፈነዳል። የዚያን ዕለት ያገኘኸውን ትርፍ ለጎሚስታውና ለመካኒኩ ታካፍላለህ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አይደል?

ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ትገዛለህ፤ አልፈርድብህም። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥተህ እየው፤ ከታች የተለየ ነገር ከተቀመጠ ውሃ ነው። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፤ ጨርቁ ቆሻሻውን ይይዛል እንጂ ውሃ፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት አያድንህም። ሽታው ካላማረህ ተወው።

ሌላው፣ ባጃጁ ጉልበት ባነሰው ቁጥር ካንዴላ መቀየር ይቅርብህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው እሱ። ካንዴላውን ፍታና ጫፉን አንብበው። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ መጀመሪያ ማጣሪያውን እይ። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ወደ ክንፎቹና ወደ ካርቡራተሩ ሂድ። ካንዴላ ምስክር ነው፤ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

አንድ ደብተር ግዛና ከመቀመጫው ሥር አስቀምጥ። ዘይት የቀየርክበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ሸራ ያስገባህበትን፣ የገዛኸውን ዕቃና ዋጋውን ጻፍ። ነገ ባጃጁን ስትሸጠው ገዢው ከምላስህ ይልቅ ደብተሩን ያምናል። ኦሪጅናል ነው ብለው ስለሚሸጡልህ ዕቃም ያው ደብተር ይፈርዳል፤ ከማን የገዛኸው ሸራ ስንት ወር እንደቆየ ያሳይሃል።

ሹፌር የምትቀጥር ከሆነ ደግሞ ማታ ሲያስረክብህ ገቢውን ከመቁጠርህ በፊት ጎንበስ ብለህ ጎማውንና ሥሩን እይ። አንተ የምታየውን ነገር እሱም ቀን ሲውል እያየው ይውላል። ብሩን ብቻ ከቆጠርክ ብር ብቻ ያመጣልሃል፣ ባጃጁን እየበላ። ቤንዚን ሲጎድል በቀን ገቢው ላይ አትሟገተው፤ ዘይት ሲጎድል ግን ዝም አትበለው።

ሐምሌ ሲገባ እኔ ጋ ይዘኸው ና፣ አብረን እንፈታዋለን። የካንዴላ መፍቻ እንደሌለህ አይቻለሁ፤ የእኔን ከሳጥኑ ውስጥ ውሰድ። የራስህን እስክትገዛ ነው ታዲያ፤ ባለፈው ወስዶ እንደ ቀረው ጎረምሳ እንዳትሆን።