የሎሚና የጨው ዝገት

አንተ ልጅ፣ ይህን የምጽፈው ላንተ ነው። ስምህን አልጠራም፤ ብጠራው የምታፍረው እናትህ ናት፣ እሷ ደግሞ ምንም አላጠፋችም። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ለጎብኚ አሮጌ ዕቃ ትሸጣለህ። የምትሠራውን ጎረቤቶችህ እያዩ ዝም ይላሉና ቁጣዬ ለእነሱም ይድረሳቸው።

አንድ ቀን ከመደርደሪያህ ላይ ሴንጢ አንስተህ «የዓድዋ ምርኮ ነው፤ ቅድመ አያቴ ከጣሊያን መኮንን ኪስ ያወጣው» ስትል ቆሜ ሰማሁህ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ተቀብዬ ከፈትኩት። ስለቱ ላይ «ኢኖክስ» የሚል ተቀርጾበታል። የማይዝግ ማለት ነው። ሃሪ ብሬርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ለስለት የሚሆነውን የማይዝግ ብረት ያቀለጠው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ በእኛ 1905 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዓድዋ 1888 ነው። ያ ብረት ከጦርነቱ 17 ዓመት ዘግይቶ የተወለደ ነው። እጀታውን የያዙት ብሎኖችም ባለመስቀል ካቻቢቴ የሚፈቱ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ብሎን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ይህን ስነግርህ «ማን ያውቃል ብለው ነው?» አልከኝ። ሳላውቅ ተሳሳትኩ ብትለኝ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። አንተ ግን እያወቅህ ነው።

ከጎኑ የነበረው ሌላው ሴንጢ የባሰ ነበር። ሴንጢ ሲሠራ የሠሪው ስም የሚታተመው ከስለቱ ሥር፣ ከማጠፊያው አጠገብ ነው። አንተ ያንን ቦታ በሞረድ ፍቀኸዋል። የሞረዱ ጭረት ስለቱን አቋርጦ ይሄዳል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ብረቱ ጎድጉዷል፣ ወደ ብርሃን ሳዘነብለውም «ፓኪስታን» ከሚለው ቃል ሁለት ፊደል ተርፎ አየሁ። ፓኪስታን የምትባል አገር የቆመችው በ1939 ዓ.ም. ነው። አንተ ግን የጠላት ወረራ ዘመን ነው ብለህ ሸጥከው፤ ጠላት ከአዲስ አበባ የወጣው በ1933 ነው። በፋቅኸው ቦታ ላይ ደግሞ ሎሚና ጨው ቀብተህ ዝገት አበቀልክበት። የአንድ ሳምንት ዝገት ብርቱካንማ ነው፣ ሁሉም ቦታ እኩል ይይዛል፣ ሲነኩት እንደ በርበሬ ጣት ላይ ይቀራል። ዕድሜ እንዲህ አይደለም። ዕድሜ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጨርቅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይወፍራል፣ የሰው ጣት በሚውልበት ይሳሳል።

ማርትሬዛውንም እንዲሁ። 1780 የሚለውን ቁጥር እያሳየህ የዚያን ዘመን ብር ነው ትላለህ። ብሩ ላይ መልኳ ያለው ንግሥት የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ፣ በቅርቡ የተመታው ሳይቀር፣ ያንኑ ቁጥር ይይዛል። ይህንንም ታውቃለህ።

«ፈረንጁ ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳል?» ትለኛለህ። የተጎዳውን ልንገርህ።

ከጨንቻ በኩል አንድ አባት ወረዱ። በነጠላ ቅዳጅ የጠቀለሉትን ሴንጢ እፊቴ ፈቱት። እጀታው ቀንድ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጉዶ እንደ መስታወት ያበራል። ስለቱ በመሳል ብዛት ሳስቷል፤ ዕቃ ሰብሳቢ በዚህ ዋጋ ይቀንሳል። ግን ምስማሩም ሆነ ማጠፊያው ያልተቀየረ ነው፣ ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ ይቆማል፣ ሥሩ ላይም «ማኒያጎ» የሚል በጭንቅ ይነበባል። ማኒያጎ በጣሊያን ስለት የሚሠራባት ከተማ ናት። አባታቸው በወረራው ጊዜ መንገድ ሲሠሩ እንዳገኙት፣ እሳቸውም ልጅ ሳሉ ሸንኮራ ሲልጡበት እንዳደጉ ነገሩኝ። የማዳበሪያ ዕዳ ነበረባቸው። አሮጌ ስለት የሚወድ አንድ የአዲስ አበባ ሰው መጥቷል ተብሎ ወሰድኳቸው። ሰውየው ጨርቁ እስኪፈታ እንኳ አልጠበቀም። «የሲቀላን ሴንጢ አውቀዋለሁ፣ ባለፈው ተሸውጃለሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሽማግሌው ቅዳጁን መልሰው ጠቀለሉ። ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። ሰውየው የሸሸው አንተን ነው፤ ያፈሩት ግን እሳቸው ናቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ውሸት ሲቀልልህ ሸክሙ እሳቸው ትከሻ ላይ ወረደ። በጋሞ ወግ ይህ ስም አለው፤ ጎሜ ይባላል። ጎሜ ያጠፋውን ብቻ ነጥሎ እንደማይመታ፣ ቤቱን፣ ከብቱንና አገሩን እንደሚነካ ከሽማግሌዎች ሰምተህ አድገሃል። በሕዝብ መሰብሰቢያው በዱቡሻ ላይ ቆመህ የማትናገረውን ቃል መደርደሪያህ ፊት ስትናገረው ምን የተለየ መሰለህ?

የካራውን ነገር ደግሞ ሳስብ ደሜ ይፈላል። «የመቶ ዓመት ካራ» የምትለውን የቀጠቀጠው ሰው ሕያው ነው፤ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እየሄድክ ትገዛዋለህ። ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ ወናፉን በእጁ እየነፋ፣ ስለቱን በውኃ እያጠጣ ሲሠራው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጥሩ ካራ ነው፤ ላም ሲያርዱበት አይዶለዱምም። በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት መሬት ተነፍገው፣ ከገበሬ ልጅ እንዳይጋቡ ተከልክለው የኖሩ ወገኖች ናቸው። በስንት ልመናና በስንት ሽምግልና ያ ንቀት መላላት ሲጀምር፣ አንተ ደግሞ የሰውየውን ሥራ በላም ኩበት አጥነህ የሞተ ሰው ሥራ አደረግኸው። አያቱን መሬት ነፈጓቸው፤ አንተ ለእሱ ስሙን ነፈግኸው።

አንድ ነገር ደግሞ አስብ። የምትለው ሁሉ እውነት ቢሆንስ? ያ ሴንጢ በእርግጥ ከዓድዋ የመጣ ቢሆን ቅርስ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። በጎብኚ ሻንጣ ውስጥ ከተህ ስትሸኘው አልነበር? እንግዲህ ወይ ገዢውን አታለሃል፣ ወይ አገርህን ዘርፈሃል። በመካከል የምትቆምበት ቦታ የለህም።

ሥራ የለም፣ ኑሮ ከብዷል ትላለህ፤ እውነት ነው፣ እኔም የምኖረው እዚሁ ነው። ግን ቅድም እኔ ያሳየሁህን፣ የማኅተሙን ቦታ፣ የብሎኑን ዓይነት፣ የዝገቱን ቀለም፣ አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃለህ። ለመደበቅ የተማርከውን ያንኑ ዕውቀት ለማሳየት ብታውለው ሰው ከአዋሳም ከአዲስ አበባም ዕቃውን ይዞ «ይህ የመቼ ነው? ስንት ያወጣል?» እያለ ይመጣልህ ነበር። ዓይን አለህ። እጅህን ነው ያበላሸኸው።

ነገ ጠዋት የሎሚውን ጣሳና ብርጭቆ ወረቀቱን ከመደርደሪያህ ሥር አውጥተህ ጣል። በካራዎቹ ላይ የቀጥቃጩን ስምና የተሠሩበትን ወር በወረቀት ጽፈህ እሰርባቸው። «ፓኪስታን» የሚለው ያልተፋቀበት ሴንጢ ካለህ እንዳለ ሽጠው። ከዚያ ጨንቻ አብረን እንወጣለን፤ ሽማግሌው በገበያ ቀን የት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ለምን ፊት እንደተነሡ እኔ አልነገርኳቸውም። የምትነግራቸው አንተ ነህ።