ስለ ስውር ሥራና ስለ ኅሊና

የሰላዮችን ሥራ፣ በተለይም የሰው አሳብ በብልሃት እንዴት እንደሚጣመም የሚተርኩ ፊልሞች በዘመናችን በዝተዋል። ተመልካቹ ዘወትር የሚጠይቀው፥ ተታላዩ እንዴት ተታለለ? ብሎ ነው። እኛ ግን ሌላውን ጥያቄ እናስቀድማለን፤ አታላዩስ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በገዛ ኅሊናው ላይ ምን አደረገ?

ጋቪን ሁድ በ2015 ያዘጋጀው «አይ ኢን ዘ ስካይ» የተባለ ፊልም አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ሥዕሉ የተነሣው በደቡብ አፍሪካ ቢሆንም፥ ታሪኩ የሚፈጸመው በናይሮቢ፣ ከሶማልያና ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ወገኖች በሚኖሩበት በኢስትሊ ሠፈር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሰዎች ፈንጂ ታጥቀው ለመውጣት ይሰናዳሉ። በእንግሊዝ አገር የተቀመጠች አንዲት ኮሎኔል ሰው በሌለበት አውሮፕላን ዓይን ይህን ታያለች። ከቤቱ አጥር አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ዳቦ ትሸጣለች። ሚሳይሉ ቢተኰስ ልጅቱ የምትሞትበት ግምት ከመቶ 50 በታች ካልሆነ ፈቃድ አይገኝም። ኮሎኔሏ ግምቱን የሚያሰላውን የበታች ወታደር «ዋሽ» አትለውም፤ እንደገና እንዲያሰላ ታስጨንቀዋለች እንጂ። በመጨረሻ 45 የሚል ቍጥር ወደ አለቆች ይተላለፋል፤ ልጅቱም ትሞታለች። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ አሳቡ የተጣመመው የጠላት አልነበረም።

ይህ ልብ ወለድ ነው የሚል ቢኖር፥ በዚያችው ከተማ በእውነት የሆነውን ይስማ። የማው ማው ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በ1952 በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጣ። በ1954፣ በኤፕሪል 24 ቀን፣ «አንቪል» ማለትም መስፍ በተባለ ዘመቻ ወታደሮች ናይሮቢን ከበቡ፤ 20,000 ያህል ሰዎችም ተይዘው ወደ እስር ሠፈር ተወሰዱ። የተያዙት በአንድ ሰው ፊት በተራ ያልፉ ነበር፤ እርሱም በጆንያ ተሸፍኖ፣ ለዓይኖቹ ብቻ ቀዳዳ ተበጅቶለት ይቆማል። ራሱን ከነቀነቀ የሚያልፈው ሰው ተፈረደበት። አባቶቻችን ስለ ሌባ ሻይ የሚያወሩትን ያስታውሰናል፤ ልጁን መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ ከደጁ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። ያ ልጅ ግን ያደረገውን አያውቅም። በጆንያው ውስጥ ያለው ሰው ያውቃል፤ ፊቱም የተሸፈነው የሚያውቁት እንዳያውቁት ነው። ከነዚህም ስንቱ ራሱ በፍርሃት ተይዞ እንደ ቆመ እግዚአብሔር ያውቃል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ጥሩ ስም የሚሰጥ ሊቅም አልታጣም። ቀድሞ የናይሮቢ የማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ካሮዘርስ በ1954 ስለ ማው ማው ሥነ ልቡና ለመንግሥት ጽሑፍ አዘጋጀ፤ የዐመፁንም ሥር በይበልጥ የጥንቱን ልማድ ትቶ አዲሱን ባልያዘ አእምሮ ላይ አኖረው። መሬቱን የተቀማ ሰው ቢቈጣ ቍጣው ሕመም ተባለ። ሕመም ከተባለ ደግሞ መልስ አያሻውም፤ መድኃኒት ብቻ ይበቃዋል። መድኃኒቱም «ፓይፕላይን» የተባለው የእስር ሠፈሮች ሰንሰለት ነበር። መሐላውን የተናዘዘ ወደ አገሩ ይቀርባል፤ እንቢ ያለው ይደበደባል። በ1959፣ በማርች 3 ቀን፣ በሆላ የእስር ሠፈር 11 እስረኞች ተደብድበው ሞቱ፤ ሹማምንቱም በመጀመሪያ፥ ውኃ ጠጥተው ሞቱ ብለው አስታወቁ። ኑዛዜን በዱላ መቀበል የለመደ ሰው ሬሳ ቈጥሮ ስለ ውኃ መጻፍ አይከብደውም።

ማው ማውም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። መሐላውን ብዙዎች የማሉት በግድ ነው፤ እንቢ ያሉ የኪኩዩ ክርስቲያኖች ተገድለዋል። ከነዚህ አማኞች ዐያሌዎቹ የመንግሥትንም ጠመንጃ አንይዝም ብለው ነበርና፥ ከሁለቱም ወገን ተጠሉ። ሪቻርድ ብሩክስ በ1957 ያወጣው «ሳምቲንግ ኦቭ ቫልዩ» የተባለ ፊልም ሲድኒ ፖይቲዬን በዚያ መሐላ ፊት ያቆመዋል፤ መሐላው የሰውን ልብ እንዴት እንደሚገዛም በብዙ ድንጋጤ ያሳያል።

እንግዲህ በጦርነት ጠላትን ማሳሳት ፈጽሞ አይገባምን? አርካዊው ኩሲ በዳዊት ተልኮ ወደ አቤሴሎም ገባ፤ የአኪጦፌልንም ምክር በአንደበቱ አፈረሰ። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። ነገር ግን ኩሲ የአቤሴሎምን ፍርድ አሳሳተ እንጂ፥ አቤሴሎምን ባልንጀራውን እንዲከዳ አላስገደደውም፤ የመምረጥ ነፃነቱን አልወሰደበትም። በኬንያ ግን ምርኮኞች የጫካ ልብሳቸውን መልሰው ለብሰው የቀድሞ ጓደኞቻቸውን እንዲያሳድዱ ተላኩ፤ መኮንኑ ፍራንክ ኪትሰንም ይህን በ1960 በመጽሐፍ ጽፎታል። በጦር ስልት ረገድ ተሳካ ይላሉ። የእነዚያን ሰዎች ነፍስ ግን በምን ሚዛን እንመዝናለን?

በ2013፣ በጁን 6 ቀን፣ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ደረሰው ሥቃይ ማዘኑን በፓርላማው ገለጠ፤ ለ5,228 ሰዎችም 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ቀን ጆንያ ለብሶ ጎረቤቱን በራስ ንቅናቄ አሳልፎ የሰጠ ሰው፥ ማታ ወደ ሠፈሩ ሲመለስ የጎረቤቱን ሚስት ምን ብሎ ሰላም እንዳላት የሚያሳይ ፊልም ግን እስካሁን አላየንም።