ግምትና ምስክርነት

ሰው ያየውን ቢናገር ምስክር ይባላል፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ቢናገር ግን ሐሰተኛ ነው። ይህ የቆየ የዳኝነት ሕግ ዛሬ በፋብሪካ መዝገብ ላይ አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል። ይኸውም፥ አንድ ዕቃ ሲሠራ የተለቀቀውን፥ የዓለምን አየር የሚያሞቀውን ካርቦን ያልመዘነ ሰው ቍጥሩን ሊጽፍ ይገባዋልን? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የድርጅትን ልቀት በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ከራሱ ምድጃ የሚወጣው፥ ሁለተኛው ከሚገዛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመጣው፥ ሦስተኛው ከጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቹ አንሥቶ እስከ ዕቃው ተጠቃሚ ድረስ በሌሎች እጅ የሚለቀቀው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የነዳጁ ደረሰኝና የመብራቱ ቈጣሪ ይመሰክራሉ። በሲሚንቶ ፋብሪካም ቢሆን፥ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲፈታ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ የኬሚስትሪ ሕግ ያስረዳል። ሦስተኛው ግን የባልንጀራ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ካልተናገረ ከመገመት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

መገመት በራሱ በደል አይደለም፤ በደሉ ግምትን እንደ ተመዘነ አድርጎ ማቅረብ ነው። አማካይ ቍጥር ትጉሁንና ሰነፉን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። እቶኑን ያሻሻለው የጎረቤቱን ጥላሸት ይሸከማል፥ ያላሻሻለውም በሌላው ላብ ይነጻል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ሲሚንቶን፥ ብረትን፥ አሉሚኒየምንና ማዳበሪያን በመሰሉ ዕቃዎች ላይ የድንበር የካርቦን ሕጉን አጽንቷል። በዚህ ሕግ መሠረት እውነተኛው ልቀት ሊረጋገጥ ያልቻለ እንደ ሆነ፥ በመሠረቱ ከአማካዩ ከፍ ያለ የግምት ቍጥር ይታሰባል። ይህ ስንፍናን ለመገሠጽ ይረዳል። ነገር ግን መለኪያ መግዣ ያጣው ትንሽ አምራችና መዝገቡን የደበቀው ባለጸጋ በአንድ በትር ቢመቱ ፍርዱ ቅን ይሆናልን?

ስለዚህ ግዴታው የሁለት ወገን ነው። አምራቹ ከእያንዳንዱ ቍጥር ጎን «የተለካ» ወይም «የተገመተ» ብሎ፥ መቼና በማን እንደ ተያዘ ጨምሮ ይጻፍ። ገዢውም ቍጥር ከመጠየቁ አስቀድሞ ለመለኪያው መግዣና ለመዝጋቢው ትምህርት ከትርፉ ያካፍል፤ የዕቃውን ጥቅም የወሰደ ሰው የጢሱን ዕዳ ለሠሪው ብቻ ትቶ መሄድ አይገባውምና። መዝገብ ቢሳሳት ይታረማል፤ ከጢስ መውጫው የወጣው ግን ተመልሶ አይገባም።