ሰምተን ደስ ካለን በኋላ



ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በተላከ ጊዜ ወቀሳ አላስቀደመም። አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና እርስዋን ስለ ነጠቀው ባለጠጋ ታሪክ ነገረው። ንጉሡም ታሪኩ ልቡን ስለ ነካው በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ ፈረደ። ፍርዱ በራሱ ላይ መሆኑን የተረዳው ከፈረደ በኋላ ነው (2ሳሙ. 12)። መልካም ታሪክ ሰው የልቡን በር ሳይዘጋ ቀድሞ ይገባል።

ይህን ኃይል ጠንቅቀው ካወቁት ደራስያን አንዱ ሩስያዊው ሊዮ ቶልስቶይ (1828-1910 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1879 ሽቼጎልዮኖክ የተባለ ተራኪ ገበሬ በቤቱ ተቀምጦ የቆዩ ታሪኮችን ሲያወጋ ቶልስቶይ ያዳምጥና ይጽፍ ነበር፤ «ሰዎች በምን ይኖራሉ» የተባለው በ1881 የታተመው ታሪክ ከዚያ የተገኘ ነው። በ1884 የተቋቋመው «ፖስሬድኒክ» የተባለ አሳታሚ ድርጅትም እንደነዚህ ያሉትን ታሪኮች በርካሽ ዋጋ በትንንሽ መጻሕፍት አዳረሳቸው። ያን ጊዜ አብዛኛው የሩስያ ገበሬ ፊደል ስላልቈጠረ፥ አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ ያዳምጡ ነበር። ከጆሮ የመጣው ወደ ጆሮ ተመለሰ። ዛሬም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሲነበቡ ይበልጥ የሚጥሙት ስለዚህ ነው።

«ለአንድ ሰው ስንት መሬት ይበቃዋል» (1886) ሲነበብ እናስብ። ፓሆም የተባለው ገበሬ በአንድ ሺህ ሩብል፥ በአንድ ቀን በእግሩ የዞረውን መሬት ሁሉ እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ከተነሣበት ስፍራ መመለስ አለበት። አድማጩ በስስቱ ይሥቃል፤ «ኧረ ተመለስ!» ሊለው ይቃጣዋል። ፓሆም እየሮጠ ይደርስና ወድቆ ይሞታል፤ የበቃው መሬት የመቃብሩ ልክ ብቻ ይሆናል። ያኔ ሣቁ ይቆማል። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተካሰሰ፥ የወንድሙን ድርሻ ያስቀረ ሰው ስለ ማን እንደሚነበብ ያውቃል።

«ፍቅር ባለበት እግዚአብሔር አለ» (1885) በተባለው ደግሞ ጫማ ሰፊው ማርቲን ጌታን ሲጠብቅ ይውላል። የመጡት ግን በረዶ ሲጠርግ የደከመ ሽማግሌ፥ ሕፃን ታቅፋ በብርድ የምትንቀጠቀጥ እናት፥ ፖም በሰረቀ ልጅ የተቈጣች አሮጊት ናቸው። ሲመሽ የጠበቀው እንግዳ በእነርሱ እንደ መጣ ይገለጥለታል።

ነገር ግን እንጠንቀቅ። በነቢዩ ሕዝቅኤል ዘመን ሕዝቡ ቃሉን እንደ መልካም ዜማ እየወደዱ ይሰሙ ነበር፤ አያደርጉትም ነበር እንጂ (ሕዝ. 33፥32)። በማርቲን ታሪክ አልቅሶ፥ በደጁ የቆመውን ሳያይ የሚያልፍ ሰው ከእነርሱ በምን ይለያል? እንባው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌው ግን አሁንም በብርድ ቆሟል።

መምህራን ሆይ፤ ታሪኩ እንዳለቀ ትምህርቱን ለመዘርዘር አትቸኩሉ። ናታንም ዳዊት ራሱ እስኪፈርድ ጠብቋል። ጥቂት ዝም በሉ፤ ከዚያም ወንጌልን ክፈቱ። ከፓሆም ጋር የሰነፉን ባለጠጋ ምሳሌ (ሉቃ. 12፥16-21)፥ ከማርቲን ጋር የመጨረሻውን ፍርድ (ማቴ. 25፥31-46) አንብቡ። ቶልስቶይ የጌታችንን አምላክነት አልተቀበለም፤ በ1901 የሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ከአንድነቷ መለየቱን አስታውቋል። እንግዲህ በእምነት ነገር መምህራችን አይደለም። ሐዋርያው ሁሉን መርምረን መልካሙን እንድንይዝ ስላስተማረን ግን (1ተሰ. 5፥21)፥ ታሪኮቹን በወንጌል ብርሃን እንሰማቸዋለን።

ደስታው ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯል። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን መጽሐፉ ሲከደን ሳይሆን፥ አድማጩ ተነሥቶ የጎረቤቱን ደጅ ሲያንኳኳ ነው። የሰማነውን በሥራ እንድንፈጽም እግዚአብሔር ጸጋውን ያድለን። አሜን።