የጥርኝ ቡና ርኵሰቱ ከወዴት ነው?

ሰው ለአንድ መጠጥ ብዙ ገንዘብ ሲከፍል ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንደኛው ጣዕሙ እንደ ዋጋው መሆኑን ነው፤ ሁለተኛውም ያ ጣዕም በምን መንገድ እንደ ተገኘ ነው። የመጀመሪያውን ምላስ ይፈርደዋል፤ ሁለተኛውን ግን ከኅሊና በቀር የሚፈርደው የለም።

በኢንዶኔዢያ ደሴቶች፥ በሱማትራ፥ በጃዋና በባሊ፥ «ኮፒ ሉዋክ» የሚባል ቡና አለ። ኮፒ በአገሩ ቋንቋ ቡና ማለት ነው፤ ሉዋክም ከጥርኝ ወገን የሆነ ትንሽ አውሬ ነው። አውሬው ሌሊት ወጥቶ የቀላውን ቡና ይበላል፤ ልጣጩና ሥጋው በሆዱ ሲፈጭ ፍሬው ግን ከነገለፈቱ ከኵሱ ጋር ይወጣል። ይህንንም ሰዎች ለቅመው፥ አጥበው፥ አድርቀውና ቈልተው ይሸጡታል፤ አንዱ ኪሎም በመቶ የሚቈጠር የአሜሪካ ዶላር እስከ ማውጣት ይደርሳል። ስለ አጀማመሩ እንዲህ ይነገራል፤ ሆላንዳውያን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1830 ጀምሮ የጃዋን ገበሬ ለመንግሥት ቡና እንዲያለማ ባስገደዱበት ዘመን፥ ገበሬው ከተከለው ለራሱ እንዳይለቅም ስለ ተከለከለ፥ አውሬው የጣለውን እያነሣ ይጠጣ ጀመር። እንግዲህ ዛሬ የባለጠጎች መጠጥ የሆነው፥ በመጀመሪያ የድኻ ቃርሚያ ነበረ ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው አስቀድሞ «ከኵስ የወጣ ነገር እንዴት ይጠጣል?» ብሎ ይጸየፋል። ነገር ግን ፍሬው በገለፈቱ ተጠብቆ የሚወጣ ነው፤ ታጥቦ፥ ተፈልፍሎና በብርቱ እሳት ተቈልቶ ይቀርባል። የኢንዶኔዢያ የእስልምና ሊቃውንት ጉባኤም በ2010 ጉዳዩን መርምሮ፥ ፍሬው ከታጠበ መጠጣቱ የተፈቀደ ነው ብሎ ወስኗል። በኵበት እሳት የተጋገረ እንጀራ የሚበላ ሰውም በዚህ ብቻ ሊጸየፍ አይገባውም።

ስለ ጣዕሙም የተለያየ ፍርድ አለ። ማሲሞ ማርኮኔ የተባለ የካናዳ የምግብ ሊቅ የኢንዶኔዢያውን ቡና ከኢትዮጵያ ጥርኝ ከወጣ ቡና ጋር አስተያይቶ፥ የሆድ ፈሳሽ ወደ ፍሬው ዘልቆ ፕሮቲኑን እንደሚሰባብር በ2004 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ስለዚህ ምሬቱ ይቀንሳል፥ ይለዝባልም ብለው የሚያመሰግኑት አሉ፤ ሌሎች ቀማሾች ግን የቡናውን ሕያው ጣዕም ያደበዝዘዋል ብለው ይነቅፉታል። ነገር ግን አመስጋኞቹ ዘወትር የሚያነሡት ምክንያት አለ፤ እርሱም አውሬው በደንብ የበሰለውን ብቻ ለይቶ የሚበላ ብልህ መራጭ ነው የሚል ነው። እንግዲህ የዚህ ቡና ክብር የቆመው በአውሬው ነፃ ምርጫ ላይ ነው።

ዋጋው በናረ ጊዜ ግን ሰዎች አውሬውን እያጠመዱ በሽቦ ቀፎ ይዘጉበት ጀመር። የቢ.ቢ.ሲ. ጋዜጠኞች በ2013 ባደረጉት ስውር ምርመራ፥ በሱማትራ በቀፎ ከተያዙ አውሬዎች የተገኘ ቡና «የዱር ነው» እየተባለ እንደሚሸጥ አረጋገጡ። በ2016 የታተመ ጥናትም በባሊ በ16 የቡና እርሻዎች የተያዙ 48 አውሬዎችን መርምሮ፥ ቀፎው ጠባብና እድፋም፥ ወለሉ እግር የሚያቈስል ሽቦ መሆኑን ገለጠ። ብቻውን መኖርና በሌሊት መዞር ተፈጥሮው የሆነ ፍጥረት፥ በቀን ለጎብኚ ዓይን ይታያል፤ የሰጡትን ይበላል እንጂ አይመርጥም። ምርጫው ከተወሰደበት ደግሞ የተመሰገነው ጣዕም መሠረቱ ፈረሰ። አውሬው በነፃ ባልዋለበት የዱር ጣዕም መፈለግ፥ እንደ ተረቱ፥ ላም ባልዋለበት ኵበት ለቀማ ነው።

«በሬም ይጠመዳል፥ ዶሮም ይታሰራል» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በሬ ሰው ሊኖርበት ለሚገባው እንጀራ ይደክማል፤ ሲመሽም ይፈታል። የጥንቱም ሕግ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ማዘዙ፥ የሚሠራ እንስሳ ከሥራው ድርሻ እንዳለው ሲያስተምር ነው። ይህ አውሬ ግን ለማንም ረኀብ ሳይሆን ለጌጥ ይታሰራል። በ1991 ይህን ቡና ወደ እንግሊዝ አገር ያስገባው ነጋዴ ቶኒ ዋይልድ፥ ነገሩ ወዴት እንደ ደረሰ ባየ ጊዜ፥ በ2013 ሰው ሁሉ እንዲተወው የሚቀሰቅስ ሆነ። ከትርፉ ይልቅ ኅሊናውን መስማቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። በኢትዮጵያም ጥርኝ ስለ ዝባዱ ሲባል ከዱር ተይዞ በጠባብ የእንጨት ቀፎ ሲኖር ረዥም ዘመን ሆኗል፤ ዝባዱ በየጥቂት ቀኑ ይፋቃል፥ ለሽቶም ወደ ውጭ አገር ይላካል። ሉዋክን አይቶ የሚያዝን፥ በአጠገቡ ያለውን ጥርኝ ካላየ ኀዘኑ ጎዶሎ ነው።

የዚህ ነገር ሰሙ ኵሱ ነው፤ ወርቁ ግን ቀፎው ነው። ኵሱን ሁሉ ያያል፥ ቀፎውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ርኵሰቱ ከአውሬው ሆድ አልወጣም፤ ከሰው ስስት ወጣ እንጂ። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው አስቀድሞ «ይህ ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በእውነት የሚመልስለት ካጣም ስኒውን ይተወው። ኵስ በውሃ ይነጻል፤ ግፍ ግን ቢያጥቡትም ቢቈሉትም አይለቅም።