ዐቢይና ንዑስ የሌለው ፊደል

በጨንቻ ዳገት ዶርዜዎች ቤት ሲሠሩ ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚሸምኑት ቀርከሃ ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ዝቅ እንደሚል ስለሚያውቁ ቁመቱን አስቀድመው ያስረዝሙታል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይወስደዋል። ሠሪው ነዋሪውንና የሚመጣውን ዘመን አስቦ ነው የሸመነው።

ሩቢ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሳስብ ይህ ቤት ይመጣብኛል። ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሮት በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ዓላማው ኮድ የሚጽፈው ሰው በሥራው ደስ እንዲለው ነበር፤ የማሽኑ ምቾት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ኦብጀክት አደረገው። በጃቫ ተራ ቁጥር ከኦብጀክቶች ተርታ ውጪ ነው። በሩቢ ግን 5 ራሱ መልእክት ይቀበላል፤ አንድን ሥራ በልኩ ደጋግም ቢሉት አምስት ጊዜ ይደጋግማል። ባዶነትን የሚወክለው ኒል እንኳ ሲጠየቅ ይመልሳል። ይህን አንድ ሐሳብ የያዘ ተማሪ የቀረውን ብዙውን በራሱ ይደርስበታል፤ የቋንቋው ውበትም ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ደስ እንዲለው የታሰበው ሰው ማን ነው? በቀድሞው ሩቢ «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመቱ ሲጠየቅ መልሱ 9 ነበር፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳልና። ከ1.9 ጀምሮ 3 ሆነ፤ ትልቅ እርማት ነው። ዛሬ ተለዋዋጭንም ሜተድንም በፊደላችን መሰየም ይቻላል። ክላስን ግን አይቻልም። የክላስ ስም በትልቅ ሆሄ መጀመር አለበት፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም።

ይህን ንቀት ነው ማለት አልችልም፤ የማትሱሞቶ የገዛ ጽሕፈትም ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እርሱም ክላሱን በካንጂ ብቻ መሰየም አይችልም። ከላቲን ፊደል የተወረሰ ልማድ የሠሪውን ደጅ ራሱ ዘግቶበታል። ፓይተን በበኩሉ ሆሄን ሕግ ሳያደርግ ለልማድ ተወው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከ3.0 ወዲህም ክላስ በአማርኛ ይሰየማል። በዚህ ነጥብ ፓይተን ይበልጣል እላለሁ።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ የምታስተምሩ ሆይ፣ የኦብጀክትን ትምህርት ስትጀምሩ ተማሪዎቻችሁ ክላሳቸውን በፊደላቸው እንዲሰይሙ አድርጉ። ሩቢ እምቢ ሲላቸውም ሕጉን ከማስሸምደዳችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው።