ሳነቴን ለምስክርነት አትጥሪው

ልጄ፣ ፍርድ ቤቱ የሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ እንደሰጣችሁ ነገርሽኝ። ደግ አደረገ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍቺ ለሚጠይቁ ባልና ሚስት ዳኛው እስከዚያ ድረስ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። እኔን ያሳሰበኝ ጊዜውን የምታሳልፊበት ነገር ነው። ማታ ማታ ስልክሽን ከፍተሽ የባሌውን ጉዞ ፎቶ ስታይ ታመሺያለሽ። «እቴቴ፣ እንዲህ ስንስቅ የነበርን ሰዎች እንዴት እንፋታለን?» ትዪኛለሽ። በማግስቱ ደግሞ «ለካ ያ ሁሉ ሳቅ ውሸት ነበር» ብለሽ ታለቅሻለሽ። ሁለቱም ልክ አይደለም።

እኔም አንድ ጉዞ አለኝ። የቀድሞ ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለወንድሙ ብድር ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ቤታችን ውስጥ «እንደምን አደርሽ» እንኳ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ብድሬ በምትባል ከተማ ዘመድ ሞተበት። ተኳርፈናል ተብሎ ለቅሶ አይቀርም፤ ከጎባ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተጨናንቀን ተነሣን። ሹፌር ፊት አይጨቃጨቁም፤ ስለዚህ ዝም።

ሳነቴን አይተሽዋል። እናንተ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጋችሁ በገዛ መኪናችሁ መጥታችሁ፣ ከጎባ ሽቅብ ወጥታችሁ ነው ያያችሁት። አራት ሺህ ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ፣ እዚህም እዚያም ጅብራ የቆመበት፣ ከጎኑ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ። ያን ቀን ጭጋግ ወርዶ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ስንቀጠቀጥ ባለቤቴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ጭጋጉ ገለጥ ሲል አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ አየን። ንቅንቅ አይልም። «ይሄ ያበዳሪዬ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሹፌሩ ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ሌላ ሆነ። ሪራ ላይ ማር ገዛን። ሐረና ደን ውስጥ ቀፎ የተሰቀለባቸውን ዛፎች ያሳየኛል፤ ዝቅ ስንል ማንም ሳይተክለው ጫካ ውስጥ የበቀለውን ቡና ያሳየኛል። ዶሎ መና ስንደርስ ቆላው ተቀበለን፤ ጋቢው ሸክም ሆነ። ብድሬ ለቅሶ ቤት ሴቶቹ እንዴት እንደሚንከባከበኝ አይተው «ታድለሽ» አሉኝ፤ እኔም የታደልኩ መሰለኝ። ሮቤ ወደ ቤታችን ስንመለስ አበዳሪው በራችን ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

መንገድ ላይ የሚያጣላ ነገር ጥቂት ነው። ውኃ ተካፍሎ መጠጣት፣ ቦታ መያዝ፣ ሲዳፋ መደጋገፍ፤ ሁሉም በዓይን የሚታይና ወዲያው የሚያልቅ ነው። የቤት ኪራይ የለም፣ የወንድም ብድር የለም፣ «ገንዘቡ የት ገባ» የለም። ጋቢውን ያወለቀልኝ ሰው በእውነት ደግ ነበር፤ ሳያማክረኝ የፈረመውም ያው ሰው ነው። ሽማግሌዎች ፊት ስንቀርብ «ብድሬ ድረስ በፍቅር ሄደን አልነበር?» አለ። አንድ አዛውንት ቀና ብለው «መንገዱን አልከሰሰችህም፤ ፊርማውን እንጂ» አሉት። ሽምግልና ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ አሳጥሮ የጨረሰ ግን አላየሁም።

እጁን አንሥቶብሽ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬ ሌላ ይሆን ነበር። የአርሲ ኦሮሞ እናት ለምትዳር ልጇ ሲንቄ የሚባለውን በትር የምትሰጣት ለጌጥ አይደለም፤ ሴት ተበደለች ሲባል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። እዚያ ላይ ፎቶ የሚያይ የለም።

የአንቺ ነገር ግን ሌላ ነው። ሥራ እንዳትይዢ ከልክሎሻል፤ የከሰስሽውም ይህንኑ ነው። እንግዲያው ሳነቴን ተዪውና ወደ ቤትሽ ተመለሺ። በአዘቦት ቀን፣ ሁለታችሁም ደክሟችሁ ስትገናኙ፣ «ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው» በዪው። ፊቱን እዪ፣ መልሱን ስሚ። «እንደገና ባሌ እንሂድና እንነጋገር» ካለሽ፣ መልሱን አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የትም አይሄድም፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ፎቶውን ግን አታጥፊው። ከዚያ ጉዞ እኔ ዘንድ አንድም ፎቶ የለም። ብንፋታም ልጄ ስለ አባቱ ሲጠይቀኝ ስለ ዋስትናውም እነግረዋለሁ፣ ስለ ጋቢውም፤ ቀበሮውን ሳልነግረው የቀረሁ ቀን ራሱ ያስታውሰኛል። ሳቃችሁ እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ፍርድ ቤት ተመልሰሽ ቆመሽ ለምትናገሪው ነገር አንድ ቃል አይጨምርልሽም፤ አይቀንስብሽምም።

ቀጠሮው ሳይደርስ ያቺን የሰኞዋን ነገር ንገሪውና ያለሽን ጻፊልኝ። የመሰለሽን ሳይሆን ያለሽን፣ ቃል በቃል።